ሽማግሌ ፊት የተነበበ መልእክት

አቶ ቶሌሳ የልጃቸውን ስልክ በኪሳቸው ይዘው ከሰሚት ወደ መገናኛ የወረዱት ሊሸጡት ነበር። ይሸጥ ብሎ የፈረደው ሽማግሌ ነው። አዎን፣ ሽማግሌ! የአሥራ አምስት ዓመቷ ፌናን ከክፍሏ ልጅ ጋር መጻጻፏን የሰሙ ዕለት ሦስት ጎረቤት ጠሩ፤ ልጅቷ መሐል ቆመች፤ ከሦስቱ አንዱ አቶ ዘርአይ መነጽራቸውን ሰክተው ልጁ የላከላትን አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡት። «ናፍቀሽኛል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁሉም አማተቡ። ፌናን ከዚያ ወዲህ ለአባቷ ከ«እሺ» በቀር ቃል አልተነፈሰችም፤ ይኸው ስምንት ቀኗ።

ስልክ መሸጫዎቹ ደጃፍ ሳይደርሱ ከወንድማቸው ልጅ ከደሪቱ ጋር ተገጣጠሙ። ደሪቱ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት።

«ደኅና ነዎት ጋሼ? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ተዪኝ ልጄ! ይኼ ዕቃ ቤቴን አፈረሰው» ብለው ነገሩን ሁሉ ነገሯት። ታዝንልኛለች ብለው ነበር። እሷ ግን ደሟ ፈላ።

«የልጅ ገመና በሽማግሌ ፊት! እንዴት አስቻለዎት?»

«ሽምግልና የአባቶቻችን ወግ አይደለም እንዴ?»

«የተጣላ ይታረቅበታል እንጂ ልጅ ይዋረድበታል? ይቅርታ ያድርጉልኝና ወጉን ያበላሹት እርስዎ ነዎት።»

አቶ ቶሌሳ ተቆጡ። ትናንት እጇን ይዘው መንገድ ያሻገሯት ልጅ እንዲህ ትናገራቸው!

«ዝም ብዬ ልያት ታዲያ? እራት ላይ እንኳ ከስልኳ ቀና አትልም ነበር!»

«እርስዎስ እራት ላይ ምን ያያሉ?»

አቶ ቶሌሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በየጉርሻው መሐል በስልካቸው የመኪና ግጭት ቪዲዮ እንደሚያዩ ዘመድ ሁሉ ያውቃል።

«እሱ ሌላ ነው።»

«ስልኩን የሰጧት ዕለትስ ምን አሏት?»

«ስምንተኛን አልፋ አልነበር? መረቅኋት።»

«ብቻ?»

«ምን ልጨምር?»

«ጋሼ፣ የሰሚት ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ እዚያው መሬት ላይ ያርሱ ነበር። ወይፈን ሲያለምዱ ከማን ጋር ይጠምዱት ነበር?»

«ከለመደ በሬ ጋር ነዋ! ብቻውንማ ሞፈር ሰብሮ ይሄዳል።»

«ፌናንንስ ከማን ጋር ጠመዷት?»

የሰሚት ታክሲ ሞልቶ ሄደ።

«አንዲት ተማሪዬን» አለች ደሪቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የማታውቀው ሰው ‹ፎቶ ላኪ› እያለ አራት ወር አስፈራራት። ለምን ለእናትሽ አልነገርሽም ስላት ‹ስልኬን ትቀማኛለች› አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እናንተ ግን ደብቁ ብላችሁ ታስተምራላችሁ! አብረዋት ይዩ፣ ይጠይቋት፣ የስልኩን ሕግ አብራችሁ አውጡ፤ መጀመሪያ ግን እርስዎ ይገዙለት።»

አቶ ቶሌሳ ግትር ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም። ስልኩን ሳይሸጡ ተመለሱ። እሑድ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ጠሩ። አቶ ዘርአይ ገና ሳይቀመጡ መነጽራቸውን ሲያወጡ፣ «ይመልሱት» አሏቸው አቶ ቶሌሳ፤ «ዛሬ የሚነበብ የለም። ልጄን ያዋረድኳት በእናንተ ፊት ነው፤ ይቅርታም የምጠይቃት በእናንተ ፊት ነው።» ስልኩንም በሁለት እጃቸው ለፌናን ሰጧት።

ከዚያ አባትና ልጅ ተነጋግረው ሕግ አወጡ። በእራትና በመኝታ ሰዓት የቤቱ ስልክ ሁሉ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጣል፤ የአቶ ቶሌሳ ግን ከሁሉ ቀድሞ። ሁለት ጊዜ ሰርቀው ሲያዩ ፌናን እጅ ከፍንጅ ይዛቸዋለች፤ ስቃም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ይኼን ሰውዬ አላውቀውም። ፎቶ ላኪ እያለ ያስፈራራኛል።»

አቶ ቶሌሳ ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱና ወይፈኑ ትዝ አላቸው። አብረው አነበቡት፤ ማስረጃውን አስቀምጠው ሰውዬው ዳግም እንዳይጽፍላት ዘጉት፤ በማግስቱም አብረዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። «ልጄ ምንም አትነግረኝም» እያላችሁ የምታማርሩ ወላጆች ሆይ፣ የተናገረችውን ምን አደረጋችሁበት? ልጅ የሚጠበቀው የሚሸሸግበት ጉያ ሲኖረው ነው፤ አቶ ቶሌሳ ያን ጉያ በገዛ አፋቸው መልሰው ገዙት።

የሰውዬውን የመጀመሪያ መልእክት ቀን ግን ደጋግመው አዩት። ከሽምግልናው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነበር።

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?»

«ያን ዕለት ልነግርህ ነበር» አለች ፌናን፤ «ቤት ስገባ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል።»