የተላገው ሳንቃ

ጥሩሰው በሃሊሞ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሲቀመጥ፣ የሬዲዮ ስልክ ጣቢያው አለቃ ከጀርባው ባለው ጠረጴዛ እንግዶቹን እያሳቀ ነበር። ከሳቢያን ሰፈር ማዶ የተተከለው የጣቢያው ትልቅ ሳህን ነገ ይመረቃል፤ የሳህኑን ቅርጽ ይለካ የነበረው ጥሩሰው ደግሞ ነገ ከነቤተሰቡ ወደ አይሻ በረሃ ይዛወራል። ጥሩሰው ዞር አላለም። ድምፁን ግን ከፍ አደረገ።

«ሃሊሞ፣ እንዴት ዋልሽ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል አቦ? ሻዬን ስኳር አብዢበት፤ አይሻ ውሃውም በባቡር ነው የሚመጣው ይላሉ... ኧረ ማንም አላባረረኝም! ያባረረኝ ዓይኔ ነው። ይሄ ዓይን ነው ወይስ ጠላት? ሰው ሁሉ የሚያብረቀርቅ ሳህን ሲያይ፣ የእኔ እብጠት ይፈልጋል!

«አለካኩን ነግሬሽ የለ? ጠርዙ በሳህኑ ጎድጓዳ ልክ የተቀረጸ ረጅም ሳንቃ መሀል ላይ ይተከልና ዙሪያውን ይዞራል። ብረቱ ያበጠበት ቦታ ሲደርስ ነክሶ ቀጥ ይላል። እኔ ጅሉ ታዲያ ምን አልኩ? ‹እብጠቱ የሰው ድምፅ ይበትናል፣ ብረቱ ይስተካከል!› ወላሂ፣ ከዚህ በላይ ጅልነት አለ?

«እንደ አለቃዬ የተማረ ሰው ግን... የተማረ ሰውማ ሌላ ነው! በዚህ ፀሐይ ብረት ይቀጠቅጣል እንዴ? አናጢ አስጠርቶ ሳንቃውን አስላገው። የነከሰበትን ሁሉ ላግ፣ ላግ... ከዚያ ሳህኑን ራሱ ለካው። አሁን ሳንቃው ምንም ሳይነካ እየተንሸራሸረ ይዞራል። እንከን ከየት ይምጣ? እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለእኔ ተሰጥቶኝ ቢሆን፣ ሚስቴ ዛሬ ድስቷን በጆንያ ታስር ነበር?»

ከጀርባው ሳቁ ቆመ። ጥሩሰው ለዝውውሩ ሲል ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቷል፤ ፊቱ ግን ፈገግ እንዳለ ቀረ።

«ደግሞ አልተቀየምኩም፤ ምን ቆርጦኝ! ነገ በዚያ ሳህን መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው አሉ፤ አዲስ አበባ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ጆሯቸውን ደቅነው... ደስ አይልም? በይ፣ አንቺም እጅሽን ዘርጊ፣ ዱዓ እናድርግለት። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ድምፁንም ከጌቶቹ ጆሮ፣ ልክ እሱ ሳህኑን እንደለካው አድርጎ፣ ያድርስለት።»