ሂና የሸፈነው እግር
ከሐጅ ዩሱፍ ወደ ኦምዱርማን በሚሄደው ሐፍላ፣ በሚኒባሱ ውስጥ፣ ከፊቴ እንደኔ ለሥራ የመጡ ሁለት የኛ አገር ሴቶች ተቀምጠዋል። ትልቋ የልጅቷን እግር አይታ ጀመረች።

— ማብሩክ! ሙሽራ ነሽ መሰለኝ፤ ሂናሽ እስከ ጉልበት ነው።

— ኧረ እትዬ፣ ባል የለኝም።

— እንዴ! እዚህ አገር ያላገባች ሂና ትቀባለች?

— እግሬ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ወጥቶብኝ ነው። የምሠራላት መዳም ተላላፊ ነው ብላ እንዳታባርረኝ ሸፈንኩት።

— ብልጥ ነሽ! ከዚያስ?

— ከዚያማ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ጉልበቴ አበጠ። መዳም ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ዶክተሯ ሂናዬን አየች፣ ሆዴን እንደያዝኩ አየች፣ ፈገግ አለችና ለእርግዝና ምርመራ ሽንት ስጪ አለችኝ።

— ወይ ጉድ! ምን አልሽ ታዲያ?

— መዳም አጠገቤ ቆማ ምን ልበል? ሰጠሁ። እርግዝና የለም፤ ሽንቴ ውስጥ ግን ደም ተገኘ። ያኔ ፈርቼ ስለ ነጠብጣቡ ተናገርኩ።

— እና ምኑ ነው?

— ከቆዳዬ ትንሽ ቆርጠው መረመሩ። ደቃቅ የደም ስሮችሽ ተቆጥተው ነው፣ አይተላለፍም፤ አዋቂ ላይ ግን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል አለችኝ ዶክተሯ። ክኒን ጀመርኩ፤ ሽንቴንም እየተመላለስኩ አስመረምራለሁ። አሁንም ወደዚያው ነኝ።

— አላህ ያሽርሽ። መዳምስ ተረጋጋች?

— የት ተረጋግታ! በሽታውን ትታ፣ ሂናዬን እያየች «ባልሽን አምጪና አሳዪኝ» ትለኛለች።

እኔ ከኋላቸው ሆኜ፣ እኔም ባል ሳይኖረኝ ትናንት እስከ ጉልበቴ ሂና የተቀባሁትን እግሬን ቀስ ብዬ ቀሚሴ ስር ሰበሰብኩት።