ወደ ላይ የወጣ ውሃ

«ናኢማዬ፣ የዘንድሮ በርበሬ ዓይን ያስነባል አይደል? ለለቅሶ ቤት ደግ ነው... እንባ እምቢ ላለው ይረዳል።»

ሐጀራ ይህን ያለችው ለጎረቤቷ ነው፤ ፊቷ ግን ወደ ሶፋው ዞሯል። ሶፋው ላይ ሟቹ ባሏ ባህረዲን ያሳደገው የእህቱ ልጅ ተቀምጧል፤ ከቀብሩ በአርባኛው ቀን ከውጭ አገር የገባ ተመራማሪ።

«አየሻቸው? ድሮ አፍንጫቸውን የምጠርግላቸው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ አንቱ ማለት አማረኝ። አይጥ ነው አሉ የሚያጠኑት፤ ዘረ መሏ የተቀየረ አይጥ። እኔ የገባኝ ‹ዘር› የምትለዋ ናት። ቀበሌ መታወቂያችን ላይ ሲጽፈው የማይለወጥ መስሎን ነበር። ለካ ሰው ከተማረ ዘሩን ይረሳል... ይቀይራል ማለቴ ነው፤ አፌን አዳልጦኝ።

በገላችን ውስጥ፣ ከደም ሥሩ ሌላ፣ ውሃ የሚያወጣ ቀጭን ቧንቧ አለ አሉኝ። በሮች አሉት፤ ውሃው ከእግር ወደ ላይ ያልፋል፣ በሩ ይዘጋል፣ አይመለስም። ጤነኛ ማለት ይሄ ነው! አንዴ ወደ ላይ ከወጣ የተነሳበትን እግር ዞሮ አያይም። ታዲያ ከእሳቸው በላይ ጤነኛ ማን አለ? ያቺ አይጥ ግን በሩ አይገጥምላትም፤ ውሃው ተመልሶ እግሯን ያሳብጣታል። እሳቸው ታዲያ ያንን እግር ጠዋት ይለካሉ፣ ማታ ይለካሉ። ወይ አንጀት!

ባህረዲን ግን ሞኝ ነበር። እግሩ እንደ ጤፍ ጆንያ አብጦ ሰባት ዓመት እህል በረንዳ ሲቆም፣ ፎቶ ተነስቶ ላከላቸው። መልስ ሲጠብቅ ኖረ... ምን ያድርጉ? ጅራት የለው! ‹ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ› ይባላል፤ ዶክተር ደግሞ ከአይጡ።»

ሐጀራ ድምጿን አለሰለሰች። ጠዋት እንግዳው የባሏን በረባሶ ጠይቋት ነበር፤ ለዚያ እግር ከመኪና ጎማ ሰፋ ተደርጎ የተሠራውን። የተመራማሪዎች ስብሰባ ላይ ሊያሳየው ነው። የጣቶቹ ቅርጽ አሁንም አለበት፤ ከባህረዲን የቀራት እሱ ነው።

«ልሰጣቸው አንስቼው ነበር፣ ናኢማ። ኋላ ግን አሰብኩ... እግሩን ሳያዩ ጫማውን በምን ያውቁታል? ሰው ቢጠይቃቸው ያፍራሉ። እኔ እያለሁ ደግሞ እሳቸው አያፍሩም፤ እኔው ጋ ይቀመጥ።

ብቻ ቢዘገዩም መጡ፤ አልሐምዱሊላህ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው፤ የታመሙ ለታም አጎታቸውን እንዳስታመሙት አድርጎ የሚያስታምማቸው ልጅ ይስጣቸው። አሚን በይ እንጂ!»