ለአማት የተጋገረ ፒዛ

ወደ ቀራንዮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት የፒዛ ካርቶን ታቅፋለች። አጠገቧ ያሉት እናት ካርቶኑን አላመኑትም።

“ልጄ፣ በሁዳዴ ፎርማጆ ይዘሽ ወዴት ነው?”

“የወደፊት አማቴ ቤት፣ እማማ። ዛሬ ገና ልንተዋወቅ ነው። ራሴ ነኝ የጋገርኩት፤ ፎርማጆ የለውም።”

“ፒዛ ያለ ፎርማጆ?”

“የድሮው የናፖሊ ፒዛ እንዲህ ነው፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ። የሮማው ስስ ነው፤ የሲሲሊው ደግሞ እንደ ድፎ ይወፍራል።”

“ጣሊያንም ይጾማል በይኛ!”

“ይቅመሱልኝ እስቲ።” ካርቶኑን ከፍታ አንድ ቁራጭ ሰጠቻቸው።

“ውይ! እጅሽ ይባረክ!”

“ወይኔ እማማ! ጎዶሎ ፒዛ ይዤ ልገባ ነው እኮ! ምን ይሉኛል?”

“ምን ይላሉ? እኔው አብሬሽ ገብቼ የጾም መሆኑን እመሰክርልሻለሁ። ወራጅ አለ!”

ተያይዘው እየሳቁ ሲወርዱ፣ የእኔ ፌርማታ ከኋላ መቅረቱን ያኔ አየሁ።