ሃምሳ እስኪሞላቸው

ጠዋት ወደ ኒው አልባኒ ዌርሃውሶች፣ ወደ ዕቃ መጋዘኖቹ፣ ሠራተኛ በሚያደርሰው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት በስልኩ ጎልፍ ያያል፤ አጠገቡ ያሉት ፀጉራቸው የነጣ ሰውዬ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ይወዳደራሉ እንዴ?»

«አዎ ጋሼ፣ የሲኒየሮች ጎልፍ ነው። እዚሁ አጠገባችን ደብሊን ከተማ የጎልፍ ሜዳ ሣር ሳጭድ ነው ማየት የለመድኩት። ሲዝኑን ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይጫወታሉ።»

«ማንም ይገባል?»

«ሃምሳ ዓመት መሙላት አለበት። አርባ ዘጠኝ ከሆነ አይቀበሉትም። ልደቱ እስኪደርስ ቀን የሚቆጥር አለ።»

«ለማርጀት ይቸኩላሉ በለኛ!»

«እርስዎስ ጋሼ፣ መቼ ነው ሪታየር የሚያደርጉት?»

«በወረቀቱ ከሄድን ገና አሥር ዓመት ይቀረኛል።»

«በወረቀቱ?»

«የስደተኛ ካምፕ እያለን ‹ወደዚህ አገር ወጣት ቶሎ ይወስዳሉ› ሲሉኝ ከዕድሜዬ አሥር ዓመት ቀነስኩ። እውነቱን ከጠየቅከኝ ስልሳ ሰባት ሞልቶኛል።»

«ታዲያ አያስተካክሉትም?»

«ሲቲዝን የሆንኩት በዚያ ዕድሜ ነው። ልጆቼም የመጡት በዚያው ነው። አሁን ሄጄ ‹ዋሽቼ ነበር› ልበል?»

«ዌርሃውስ ውስጥ ምን ላይ ነዎት?»

«ትራክ እጭናለሁ። ወገቤን ሲያመኝ ሱፐርቫይዘሩ ‹ካንተ የሚበልጡም እያነሱ ነው› ይለኛል።»

ወጣቱ ስልኩን ወደ ሰውዬው ጠጋ አደረገላቸው።

«ይኼ አሁን የሚመታው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስልሳ ሰባት ይላል፣ ጋሼ።»

«አየህ፣ እሱ አይደብቀውም።»

እኔም መውረጃዬ እስኪደርስ መታወቂያዬን አውጥቼ የልደት ቀኑን ሳየው ቆየሁ።