አበባ ያለበት አንሶላ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሆስፒታሉ ባልደረቦቼ፣ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔ የስፌት ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ስለ ሰፊያችን ስለ እትዬ እንድናገር አቆማችሁኝ። ከሁላችሁም ይልቅ ስለ እሷ መናገር የማይገባኝ እኔ ነኝ።

እትዬ ምን ነበራት? አንድ ቀጥ ያለ ስፌት ነበራት። ኮሌታ አትችልም። እጅጌ ትገጥማለች ብሎ የሚጠብቅ ይመሽበታል። አንሶላ መሐሉ ሲሳሳ ለሁለት ትቀደዋለች፣ የሳሳውን ቆርጣ ታወጣለች፣ ዳርና ዳሩን ትገጥማለች፤ በቃ። «እትዬ ቀጥታ» አልናት። ሳቅንባት። እሷም አብራን ሳቀች። «የሰጠኝ ይቺን ነው፤ ይቺንም ካልሠራሁባት ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ?» ትል ነበር።

አንድ ቀን የአስከሬን ክፍሉ ሠራተኛ የጓንት ካርቶን ታቅፎ ሲያልፍ አየችው። ምን እንደያዘ ጠየቀችው። ሞቶ የተወለደ ሕፃን ነበር፤ ራቁቱን። ያንን ካርቶን ስንቶቻችን አይተናል? ሁላችንም አይተናል። እሷ ግን ተመልሳ ገባችና ከአንሶላ ቁራጭ፣ ሁለት ስፌት ብቻ ያላት፣ እጅጌ የሌላት ልብስ ሰፋች። ከዚያ ወዲያ፣ እሷ እስካለች ድረስ፣ ማንም ሕፃን ከአስከሬን ክፍሉ ራቁቱን አልወጣም።

ማን ከለከላት? እኔ። ቁራጩ የተመደበው ለወለል መወልወያ ነው አልኩ። ደንብ ደንብ ነው አልኩ። አልተከራከረችኝም። ከቤቷ አንሶላ አምጥታ በምሳ ሰዓቷ ትቆርጥ ጀመር። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ።

ከዚያ የልጄ የበኩር ልጅ ሳይተነፍስ ተወለደ። ያ ሠራተኛ አምጥቶ አስታቀፈኝ። ለብሶ ነበር። ጨርቁ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ አበቦች ነበሩበት። የሆስፒታል አንሶላ አበባ የለውም።

በማግስቱ ምን አልኳት? «ቁራጩን ውሰጂ» አልኳት፤ ያውም ቀና ብዬ ሳላያት። ይቅርታ ከአፌ አልወጣም። ነገ እላታለሁ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ፣ ነገ ስል ኖርኩ። ሰኞ ጠዋት ማሽኗ ላይ ተደፍታ አገኘናት።

ትናንት ሠራተኛው ካርቶኑን ይዞ በራችን ላይ ቆመ። እኛ አሥራ አንድ ነን፤ ኮሌታ የምንችል፣ እጅጌ የምንችል። ተያየን። ማንም አልተነሣም። ትንሽ ቆይቶ ሄደ።

ልጄ እዚህ ቆማለች። ልጄ፣ እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። ልጅሽ ራቁቱን እንዲሄድ የፈረድኩበት እኔ ነበርኩ። ያለበሰችው እሷ ናት።

እትዬ፣ በቁምሽ ልልሽ የሚገባኝን አፈር ልትለብሺ ስትይ እላለሁ፤ ይቅር በይኝ። እንደማትመልሺልኝ አውቃለሁ። አንቺ የተሰጠሽን ሠርተሽበት ሄደሻል። እኛ ምን ይዘን እንደምንከተልሽ አላውቅም። በሰላም ሂጂ።