ሁለት ጊዜ የተለቀሰላቸው ፍሬን ያዥ

ከሸለቆው ላይና ታች የመጣችሁ ለቀስተኞች ሆይ፣ የአቶ ኢላሪዮን ቦይቹክ ታሪክ ከአንድ ሰው ዕድሜ ጥቂት ይተርፋልና በትዕግሥት አድምጡ።

አቶ ኢላሪዮን ከአባታቸው ከአቶ ሲሜዮንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቫርቫራ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931፣ በቫሴር ሸለቆ ጫፍ፣ ከድንበር ጠባቂዎች ማማ ሥር ተወለዱ። አራት ዓመት ፊደል ከቆጠሩ በኋላ መጥረቢያ ይዘው ደን ገቡ፤ ኋላም በደኑ ባቡር ፍሬን ያዥ ሆኑ። ለከተማ እንግዶቻችን ላስረዳ፦ ባቡሩ የሚጎትተው ባዶውን ፉርጎ ወደ ላይ ነው፤ ግንድ የተጫነው ግን በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ በየፉርጎው አንድ ሰው ቆሞ የፍሬኑን መዘውር እያጠበቀና እያላላ ያወርደዋል። እጁ ከሰነፈ ወንዝ ውስጥ ነው።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው ትኩሳት ይዟቸው፣ ካፖርታቸውን ፉርጎው ላይ እንደተዉ ሩቅ ጎጆ ውስጥ ወደቁ። ያ ፉርጎ ሳይታዘዝ ወርዶ ኩርባው ላይ ተገለበጠ፤ ከሥሩም ካፖርቱን የለበሰ፣ ፊቱ የማይለይ ሰው አስከሬን ወጣ። ወደ ጎጆው የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ዘግቶት ነበርና ኢላሪዮን ሞተ ተባለ። ሳያገባ የሞተ ጎረምሳ በእኛ ዘንድ ተድሮ ነው የሚቀበረው፤ ስለዚህ እንደ ሰርጉ ወግ ጥድ አስጊጠው፣ የጎረቤት ልጅ ፓራስኪቫን ሙሽራ አድርገው ሸኙት።

በሦስተኛው ቀን፣ የሙት ማዕድ ተዘርግቶ ሳለ፣ ሟቹ ደጅ ቆመው ተገኙ። ሙት ጨው አይቀምስም ይባላልና እናታቸው በመስኮት ጨው አቀበሏቸው።

«ልጄ ከሆንክ ላስ!»

«እማ፣ እነሱ ተዝካሬን እየበሉ ለእኔ ጨው ብቻ?»

ያኔ በሩ ተከፈተ። የተቀበረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሠራተኛው ሁሉ ሲቆጠር ግን አንድም ሰው አልጎደለም።

ካህኑ በጋብቻው ሲያመነቱ ወይዘሮ ፓራስኪቫ «አባ፣ ሞቶ አግብቼዋለሁ፤ አሁን ቆሞ ልሞክረው» አሉ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ። ባልደረቦቻቸው «ሟቹ፣ ያዝ እንጂ!» እያሉ ቢቀልዱም፣ ከእርሳቸው ፉርጎ ላይ ማንም አይሳፈርም ነበር። አቶ ኢላሪዮን ራሳቸው እንደነገሩን፣ ከዚያ ኩርባ ሲደርሱ መዘውሩን ሊያጠብቁ እጃቸውን ቢዘረጉ፣ ቀድሞ ጠብቆ ያገኙት ነበር።

ከእያንዳንዱ የእንጨት ቆራጭ ጎጆ፣ ድንበር ተሻግረውም ሳይቀር፣ «ያልተመለሰባችሁ ሰው አለ?» እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠየቁ። አለ ያላቸው የለም። በዚያ ሰው መቃብር መስቀል ላይ የተጻፈው የእርሳቸው ስም ይፋቅ ሲባል ግን «ስሙን ሳላገኝለት ስሜን አልነጥቀውም» ብለው እንቢ አሉ።

ሳንባቸው ታሞ በተኙበት ሳምንት እጆቻቸው ብርድ ልብሱ ላይ አንዳች ነገር ሲያጠብቁና ሲያላሉ ሰነበቱ። ማክሰኞ ማለዳ በድንገት ለቀቁት፤ «ግዴለም፣ እሱ ይዞታል» አሉና አረፉ።

ወይዘሮ ፓራስኪቫን፣ ልጆቻቸውን ዴምያንንና ኦሊምፒያን፣ አምስት የልጅ ልጆችንም ትተዋል። በኑዛዜያቸው መሠረት በስማቸው ከተቀበረው ከዚያ ሰው ጎን እንቀብራቸዋለን፤ የሚተከልላቸውም መስቀል፣ ስማቸው ተሰጥቷልና፣ ባዶ ይሆናል። አምላክ ሆይ፣ ሁለቱንም በየስማቸው ጥራልን፤ አንደኛውን አንተ ብቻ ታውቀዋለህ።